የሳሎን ቤቱ የንግድ መርከብ

ከሌጎ ጡብ የሚሠራ የንግድ መርከብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በካርቶን ታሽጎ፣ ጡቡ ተቆጥሮ፣ መመሪያው ታትሞ ሱቅ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ሠሪው ራሱ አስቦት፣ ራሱ ለክቶት፣ ጡቡን ከየአገሩ ለቃቅሞ የሚያቆመው ነው። የመጀመሪያውን ልጅ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ሁለተኛውን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው፤ ልጅማ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ እንዳይገባ የልጅነት ማስተዋሉ ይጠብቀዋል። እዚህ የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ጡቡ የተወለደው ዴንማርክ ውስጥ ነው። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጺ እ.ኤ.አ. በ1932 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቢሉንድ በተባለች ትንሽ ከተማ የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በኋላ ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ተሻገረና በ1949 የመጀመሪያዎቹ ተያያዥ ጡቦች ወጡ፤ እነዚያ ግን ውስጣቸው ባዶ ስለነበር አንዱ ሌላውን አጥብቆ አይዝም ነበር። ከላይ ጉጥ፣ ከውስጥ ቱቦ ያለው የዛሬው ጡብ የፈጠራ መብት ማመልከቻ የገባው ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ጡብ ትናንት ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ይገጥማል። ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይኳረፉ መግጠም በባልና ሚስት ዘንድ እንኳ ብርቅ ነው።

ስምንት ጉጥ ያላቸው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊያያዙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሊቃውንት አስልተዋል። ሠሪው ስድስት ጡብ በእጁ ይዞ ግማሽ ሌሊት ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ቢገኝ ቤተሰቡ ይህን ቁጥር አስቦ ሊታገሠው ይገባል።

በ1978 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ትንሹ ሰው መጣ። ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል፣ ፊቱ ቢጫ፣ ሀብቱ ሁለት ዓይንና አንድ ፈገግታ። ለአሥራ አንድ ዓመት የሌጎ ሕዝብ በሙሉ፣ ፖሊሱም፣ እሳት አጥፊውም፣ ቃሬዛ ላይ የተኛውም በሽተኛ፣ በዚያው ፈገግታ ኖረ። በ1989 የባሕር ወንበዴዎቹ ሲመጡ ጺም፣ የዓይን መሸፈኛ፣ የእንጨት እግርና የመንጠቆ እጅ ይዘው መጡ። በሌጎ አገር የሰው ፊት መለያየት የጀመረው በሌባ ነው ማለት ነው።

ከወንበዴዎቹ ጋር የሚያሳድዷቸው ወታደሮችም ተፈጠሩ። የሚዘረፈው ነጋዴ ግን ተረሳ። ወንበዴው ማንን ዘርፎ ሣጥኑን በወርቅ እንደ ሞላው የጠየቀ የለም። በ1992 አንዲት አነስተኛ የንግድ መርከብ ከወደብ መጋዘን ጋር ብቅ አለች። ትልቁ ድግስ ግን ለሌሎቹ ነው፤ በ2010 የወጣው 1,664 ጡብ ያለው መርከብ የወታደሮቹ ነው፣ በ2020 የወጣው 2,545 ጡብ ያለው ደግሞ የወንበዴዎቹ ተሰባብሮ ደሴት የሆነ መርከብ ነው። ሠርቶ መብላት ለሚፈልግ የሌጎ ባሕርተኛ የሚሆን መርከብ ከተፈለገ በገዛ እጅ መሥራት ነው።

የወንበዴ መርከብ መሥራት በእርግጥ ይቀላል። ሸራው ላይ የራስ ቅል ከተሣለ፣ ጎንና ጎኑ ላይ መድፍ ከተደረደረ የቀረውን ተመልካቹ በራሱ ይሞላዋል። የነጋዴው ሸራ ግን ባዶ ነጭ ነው፤ መድፉም ካለ ለስሙ ያህል ነው። የነጋዴ መርከብ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በሆዱ ስፋትና ሰዎቹ በያዙት ሥራ። ጡብ በተፈጥሮው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሆድ አያወጣም፤ የሌጎ ሰውም በተፈጥሮው ቆሞ ፈገግ የሚል ስለሆነ ሥራ አይወድም። የሠሪው ፈተና ከሁለቱ ጋር ነው።

አርአያ ለሚፈልግ ሰው ከሆላንዶቹ ፍሉይት የተሻለ መርከብ የለም። በ1595 ገደማ ሆርን በምትባል የሆላንድ ወደብ መሠራት የጀመረው ይህ መርከብ የተፈጠረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ ለመጫን። የዘመኑ ሌላ መርከብ ሲያሻው ይነግዳል፣ ሲያሻው ይዋጋል። ፍሉይት መድፉን ቀንሶ ቦታውን ለጭነት ሰጠ። ገመዱ በመዘውር ስለሚሳብ ብዙ ክንድ አይፈልግም ነበር፤ ሌላው ብዙ ሰው አሰልፎ የሚወጣውን ጉዞ እሱ በአንድ ደርዘን ሰው ያህል ይወጣው ነበር። የሆላንድ ነጋዴዎች በዚህ መርከብ ከባልቲክ ወደቦች እህል፣ ከኖርዌይ ግንድ እያጋዙ ከበሩ። የባሕርተኛው ቁጥር ማነስ ለሌጎ ሠሪም ታላቅ ቸርነት ነው። አንድ የሌጎ ሰው ከነባርኔጣው ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የፍሉይት ቅርጽ እንደ እንስራ ነው፤ ከታች ሆዱ ወጣ ያለ፣ ከላይ አፉ ጠበብ ያለ። የዚህ ምክንያቱ ቀረጥ ነው ይባላል። ወደ ባልቲክ የሚገባና ከባልቲክ የሚወጣ መርከብ ሁሉ ሄልሲንገር አጠገብ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ለዴንማርክ ንጉሥ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ቀረጡ ከ1429 እስከ 1857 ዘልቋል። ሒሳቡ ሲሠራ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ የመርከቡ የላይኛው ወለል ስፋት ስለነበር ሆላንዶቹ ወለሉን አጥብበው ሆዱን አሰፉት። የአለካኩ ደንብ በ1669 ሲቀየር ወለሉም ሰፋ ማለት ጀመረ። እንግዲህ የዴንማርክን ቀራጭ ለማታለል የተፈለሰፈ ቅርጽ ነው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዴንማርክ ጡብ ሊሠራ ሲሞከር ሠሪውን ፍዳውን የሚያሳየው። ጡቡ ቂም የያዘ ይመስላል።

ሌላ ምርጫ የለም ማለት አይደለም። ዛሬ ግሪኒች ቆማ የምትጎበኘው የሻይ መርከብ ካቲ ሳርክ አለች። ባሕር የነካችው ኖቬምበር 22 ቀን 1869 ነው፤ የስዊዝ ቦይ በተከፈተ በአምስተኛው ቀን። የእንፋሎት መርከቦች በቦዩና በቀይ ባሕር አቋርጠው የሻዩን ንግድ ሊወስዱት ነበርና ገና ስትወለድ ጡረታዋ ተጽፎ ነበር። ውብ መርከብ ናት፣ ግን በሌጎ ሰው ልክ ብትሠራ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ቤት ውስጥ እሷ ከገባች አንድ ሰው መውጣት አለበት። ወደ አገር ቤት የቀረበ ነገር የሚሻ ደግሞ የቀይ ባሕሩን ሳምቡክ ይሥራ። ምጽዋንና የየመንን ወደቦች ለዘመናት ያገናኘው ይህ መርከብ ምሰሶው አንድ ወይም ሁለት፣ ሸራው ሰያፍ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የገመዱ ጣጣ ያነሰ ነው። ባሕር በሌለበት ሳሎን መርከብ ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም የንግድ መርከቦች አሏት።

ከምርጫው ቀጥሎ የሚመጣው ልክ ነው። የሌጎውን ሰው ቁመት በአንድ ሜትር ከሰባ ሰው ብንተካ መርከቡ ከእውነተኛው 42 ጊዜ ያህል ያነሰ ይሆናል። ሠላሳ ሜትር የነበረ ፍሉይት 70 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። በሁለት ጉጥ መካከል ያለው ርቀት 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ ወደ 90 ጉጥ ነው። እስከዚህ ሒሳቡ ያምራል። ችግሩ የሌጎ ሰው ከነእጁ ወደ ጎን ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ በዚያው ልክ ሲሰላ ከእጅ እስከ እጅ አንድ ሜትር የሚሆን ሰው ነው። በቁመቱ የተለካ በር በወርዱ አያስገባውም፣ በወርዱ የተለካ በር ደግሞ የጋራዥ በር ይመስላል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በሩን ዘግተው ይተዉታል።

ንድፉ ዛሬ በኮምፒዩተር ይወጣል። ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ በ1995 ኤልድሮው የተባለውን ፕሮግራም ካበረከተ ወዲህ ማንም ሰው ያለ አንድ ጡብ መርከብ መሥራት ይችላል። በኮምፒዩተሩ ላይ ጡብ አያልቅም፣ ቀለም አይጎድልም፣ የሚወድቅ ነገርም የለም። በዚያ ዓለም የተንሳፈፈ መርከብ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ወገቡ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንምጣ። ቀላሉ መንገድ ፋብሪካው ከ1989 ጀምሮ ያወጣቸውን ወጥ የመርከብ ቀፎዎች መጠቀም ነው። አፍንጫ አለ፣ ወገብ አለ፣ ኋላ አለ፤ ወገቡን በመደጋገም መርከቡን ማስረዘም ይቻላል። ጎናቸው ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚወጣው የወንበዴው የአጎት ልጅ እንጂ ፍሉይት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ስስ ጡቦችን ከታች ወደ ላይ እያሰፉ፣ ከዚያ እያጠበቡ መደርደር ነው። ከሩቅ ሆድ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ደረጃ ነው። ሦስተኛው መንገድ ጎኑን ለብቻው እንደ ግድግዳ ሠርቶ፣ በማጠፊያ ከታች ይዞ፣ ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው። ጉጡ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጎን ይዞራል ማለት ነው።

ይህን የሚያስችለው አንድ ቀላል ስሌት ነው። ስስ ጡብ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ሦስቱ ሲደራረቡ የአንድ ሙሉ ጡብ ቁመት፣ 9.6 ሚሊሜትር ይሆናሉ። አምስቱ ሲደራረቡ ደግሞ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ የሁለት ጉጥ ስፋት። ስለዚህ ከቆመው ጡብ ጋር የተኛው ጡብ የሚታረቀው በየአምስት ስስ ጡቡ ነው። ከዚህ ስሌት አንድ ስስ ጡብ ያጎደለ ሠሪ ልዩነቱን የሚያየው መርከቡ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ነው፤ ማስተካከያውም ያለው ከታች ነው።

አንድ ሠሪ ይህን ጎን ሲያስገባ ማየት ትምህርት ይሰጣል። ትንፋሹን ይይዛል። በግራ እጁ ቀኝ ጎኑን ደግፎ፣ በቀኝ እጁ ግራ ጎኑን ወደ ማጠፊያው ያስጠጋል። ጥርሱን ይነክሳል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ የመግጠም ድምፅ ነው። ወዲያው ሌላ «ቀጭ» ይሰማል፤ ይህ ግን ከማዶ ነው፣ እዚያ ቀደም ብሎ የገጠመው ጎን ሲለቅ። ልጁ ከበር ላይ «ባባ፣ ወደቀ እንዴ?» ቢል መልስ አያገኝም።

ከዚያ ወገቡ አለ። ዘጠና ጉጥ የሚያህል መርከብ በጡብ ብቻ ከተሠራ መሐሉ ይረግባል። የእንጨት መርከብም ሲያረጅ ወገቡ እንደሚጎብጥ ለሚያውቅ ይህ እውነተኛነት ነው ሊባል ይችል ነበር፤ የሌጎው ግን የሚጎብጠው ገና በተወለደ ማግስት ነው። መድኃኒቱ ቴክኒክ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ቀዳዳ ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ናቸው፤ ውስጥ ለውስጥ ከአፍንጫ እስከ ኋላ በመሰኪያ ተያይዘው አከርካሪ ይሆናሉ። ማንም አያያቸውም። የመርከቡ ግማሽ ወጪ ማንም በማያየው ነገር ላይ እንደሚወጣ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

አፍንጫው ላይ፣ የሁለቱ ጎንና የወለሉ ጫፍ በሚገናኙበት ቦታ፣ ቀዳዳ ይቀራል። የቱንም ያህል የተካነ ሠሪ ቢሆን ይቀራል። መልህቅ የሚሰቀለው እዚያ ነው። መልህቁ ለምን እዚያ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ ሠሪው ስለ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መርከበኝነት ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል።

ምሰሶዎቹ ሦስት ናቸው። በፊተኛውና በመሐለኛው ላይ አራት ማዕዘን ሸራዎች ይሰቀላሉ፤ በኋለኛው ላይ ያ የሳምቡኩ ዘመድ፣ ሦስት ማዕዘኑ። ሸራ ከጡብ መሥራት የሞከሩ አሉ፤ መርከቡ በአፍንጫው ይደፋል። ፋብሪካውም ራሱ ሸራውን ከጨርቅ ነው የሚሠራው። ለግል ሠሪ የሚሆነው አቡጀዲ ነው። ታጥቦ፣ በሙጫ ውኃ ተነክሮ፣ በጎድጓዳ ሳሕን ጀርባ ላይ ሲደርቅ ነፋስ የሞላው ሸራ ይሆናል። እዚህ ላይ የሃይማኖት ክርክር ይነሣል። አጥባቂዎቹ ከፋብሪካው ያልወጣ ነገር መርከቡን እንዳይነካ፣ ጡብ እንዳይቆረጥ፣ ሙጫ ቤት እንዳይገባ ያዝዛሉ። ለዘብተኞቹ ጨርቅና ገመድ ይፈቅዳሉ። ሙጫ ጡብ ላይ ያደረገ ግን በሁለቱም ወገን የተወገዘ ነው።

ጡብ መግዛት ራሱን የቻለ ንግድ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሻጮች አንድ በአንድ እየቆጠሩ የሚሸጡበት ብሪክሊንክ የሚባል የኢንተርኔት ገበያ አለ፤ በ2019 ራሱ የሌጎ ኩባንያ ገዝቶታል። የሚፈለገው ሠላሳ ሁለት ቡናማ ማጠፊያ አሥራ ሁለቱ ፖላንድ፣ ዘጠኙ ካናዳ፣ የቀሩት ጀርመን ይገኛሉ፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከማጠፊያው ይበልጣል። ፍሉይት የድሮዎቹን ነጋዴዎች ያከበራቸው ማጓጓዣን ስላረከሰ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሠሪ ደግሞ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመዱ «ሁለት ኪሎ ቡናማ ጡብ አምጣልኝ» ብሎ ይደውላል። ሽቶና ጫማ መታዘዝ የለመደው ዘመድ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሌላ ዘመድ ጋ ደውሎ የሰውየውን ጤንነት ይጠይቃል።

ቡናማውም አንድ አይደለም። ኩባንያው በ2004 ገደማ የቡናማውንና የግራጫውን ቀለም ለውጧል፤ አሮጌና አዲስ ጡብ የቀላቀለ መርከብ የተጣፈ ይመስላል። የእንጨት መርከብ የተጣፈ ቢመስል ምን ነውር አለው የሚል ሠሪ ብልህ ነው። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የተመረተው ቡናማ ደግሞ ሲላቀቅ የመሰንጠቅ አመል አለው። መርከብ በሙሉ ቡናማ መሆኑ እንግዲህ የዕድል ጉዳይ ነው።

ጭነቱ የመርከቡ ነፍስ ነው፤ ሠሪውም የሚለየው እዚህ ነው። ፍሉይት የሚጭነው ወርቅ አይደለም። አጃ ነው፣ ጨው ነው፣ በበርሜል የታሸገ የሄሪንግ ዓሣ ነው፣ ግንድ ነው። በርሜልና ሣጥን በሌጎ ሞልቷል፤ ግንዱ ከክብ ቡናማ ጡብ ይሠራል፤ እህሉ ባለ አንድ ጉጥ ቢጫ ክብ ፍሬ ነው፣ በመቶ በመቶ የሚገዛ። ይህ ሁሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ ወለሉ ሲዘጋበት አይታይም። ጥያቄው እንግዲህ ይሞላ ወይስ አይሞላ ነው። አንዳንዱ ከመክፈቻው ሥር አንድ ረድፍ በርሜል ደርድሮ የቀረውን ባዶ ይተዋል። ሌላው እስከ ታች ሞልቶ፣ የጭነት ዝርዝር በወረቀት ጽፎ፣ ወለሉን ይደፍናል። ሁለተኛው መርከብ ሲነሣ ይከብዳል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የተሸከመው ሰው ብቻ ነው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት የሚሠራ መርከብ ቡና መጫኑ አይቀርም። ታሪክ አጣሪ ካልጠፋ ግን ከባልቲክ ቡና አይጫንም ብሎ ይቃወማል። ሆላንዶቹ ቡናን ፍለጋ የመጡት በወዲህ በኩል ነው፣ ወደ ሞካ፤ ስለዚህ መርከቡ ሞካ ደርሶ ተመለሰ ብሎ ማስታረቅ ይቻላል።

ባሕርተኞቹ አሥራ ሁለት ይሁኑ። ካፒቴኑ አለ፤ ባርኔጣው ላይ የራስ ቅል የሌለበት ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፣ ገበያው የወንበዴ ነውና። ምክትሉ መሪውን ይይዛል። አናጺው መጋዝ፣ አብሳዩ ድስት። ለአካለ መጠን ያልደረሰው ልጅ አጭሩን እግር ያገኛል፤ ይህ እግር መታጠፍ ስለማይችል ልጁ ጉዞውን ሁሉ ቆሞ ነው የሚጨርሰው፣ ይህም በዚያ ዘመን ከነበረው የመርከብ ልጅ ኑሮ ብዙ አይርቅም። የዕቃው ባለቤት የላከው ጸሐፊ ብራና ይይዛል። የቀሩት ገመድ ሳቢዎች ናቸው። ድመትም አይጥም በሌጎ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ይጫኑ።

ሰዎቹን ሥራ ማስያዝ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። የሌጎ ሰው ጉልበት የለውም፤ ወይ ይቆማል ወይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። መንበርከክ፣ ማጎንበስ፣ ገመድ ሲስብ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት አይሆንለትም። እጁ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ዘንግ ብቻ ነው አጥብቆ የሚይዘው፤ ቀጭን ገመድ ይሾልከዋል። ዘዴው አንድ እግሩን ጉጥ ላይ ሰክቶ ሌላውን አየር ላይ መተው ነው፤ ከሩቅ የሚታገል ይመስላል። ራሱ ላይ ያለው ጉጥ አንድ ብቻ ስለሆነ ወይ ፀጉር ወይ ባርኔጣ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ባርኔጣውን ለሰላምታ ያወለቀ የሌጎ ባሕርተኛ ሁሉ መላጣ ነው።

ፊታቸውን መምረጥ ያስደስታል። አብሳዩ የተቆጣ ይሁን፤ ምክትሉ ያልተኛ። የድሮውን ፈገግታ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ይበቃል፤ ለጸሐፊው፣ ቆሞ የሚያይ እሱ ብቻ ነውና። በወንበዴ መርከብ ሁሉም ሰይፍ ይዞ ወደ ተመልካቹ ያያል። በነጋዴ መርከብ ማንም ተመልካቹን ማየት የለበትም፤ ሁሉም የያዘውን ያያል። ይህች አንዲት ደንብ ከሸራውም ከመድፉም በላይ መርከቡን ትለውጠዋለች።

የቤቱ ጉዳይ በአጭሩ ይነገር። የምግብ ጠረጴዛው ይያዛል። የሽሮና የበርበሬ ዕቃዎች ቀስ በቀስ ከማድ ቤት ጠፍተው ጡብ ሞልተው ይገኛሉ። ምሽት ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ጉጡን በተረከዙ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚነገረው ነገር ልጅ ፊት አይነገርም። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለባቢ ነው?»

«የለም እትዬ፣ የኔው ነው።»

እትዬ መርከቡን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ሰውየውንም ያዩታል። ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ዞር ብለው «አይዞሽ» ይላሉ።

ያለቀ መርከብ ከሁለት ጠላት ይጠበቅ። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ መስኮት ዳር የቆመ ነጭ ጡብ በዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ሌላው ከምሰሶው ይዞ የሚያነሣ ደግ ሰው ነው። አቧራው በመኳኳያ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ብሩሹ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያሻል።

ልጁ ደግሞ አንድ ቀን ይንሳፈፋል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይንሳፈፍም። ጡቡ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከውኃ ትንሽ ይከብዳል፤ በጡቦቹ ውስጥ ያለው አየር ለአፍታ ቢያቆየውም በመገጣጠሚያው ሁሉ ውኃ ይገባል፣ ሦስቱ ምሰሶዎችም ወዲያው ወደ ጎን ይጥሉታል። በብዛት ባሕር የገባው ሌጎ በራሱ መርከብ ሳይሆን በእውነተኛ የንግድ መርከብ የተጫነው ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1997 ቶኪዮ ኤክስፕረስ የተባለችውን መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ አቅራቢያ ትልቅ ማዕበል መትቷት 62 ኮንቴይነሮች ባሕር ገቡ። በአንደኛው ውስጥ 4.8 ሚሊዮን ያህል የሌጎ ቁራጮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ኦክቶፐስ፣ የጠላቂ ጫማና የመሳሰሉት የባሕር ነገሮች። የኮርንዎል ባሕር ዳርቻዎች እነዚህን ቁራጮች ለዓመታት ሲተፉ ኖረዋል። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2020 አንድ የሌጎ ጡብ ባሕር ውስጥ ከ100 እስከ 1,300 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ገምተዋል። ስለዚህ መርከቡን በገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚሞክር ቤተሰብ ካለ፣ አስቀድሞ አሥራ ሁለቱን ባሕርተኞች ያውርድ፣ የገንዳውንም መውረጃ በወንፊት ይክደን።